ስልክ ቁጥሩ የት ነው ያለው? የጥሩ ድረ ገጽ መሠረታዊ ደንቦች

በዚህ ሳምንት የማጫውታችሁ ስለ ሥራዬ ነው። እኔ ኮለምበስ ኦሃዮ የምኖር የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። አዲስ አበባ ተወልጄ አደግኩ። ከዚያ ለማስተርስ ትምህርት ወደዚህ አገር መጣሁና እዚሁ ቀረሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ፣ እንደ ወላጆቻችሁ፣ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ለቅሶ እያልኩ ከሰው ጋር እውላለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእድራችን ሰብሳቢ ጠሩኝ። እድር ምን እንደሆነ ቤት ውስጥ ሰምታችሁ ይሆናል። አባላቱ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ገንዘብ ያዋጣሉ። ከአባላቱ አንዱ ቤት ሐዘን ሲደርስ እድሩ የቀብሩን ወጪ ያግዛል፣ ምግብ ያቀርባል፣ ሰው ያሰባስባል። ዋናው ነገር ግን ገንዘቡ አይደለም። ዋናው ነገር እድር ያለው ሰው ብቻውን እንዳያለቅስ ነው።

ሰብሳቢው፣ «አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ። ለእድራችን ድረ ገጽ ሥራልን» አሉኝ። ደስ አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ሠራሁ። ከላይ ትልቅ የላሊበላ ፎቶ አደረግኩ። ከፎቶው ሥር ነበልባሏ የምትወዛወዝ ሻማ አስገባሁ። ጽሑፉን ቀጭንና ፈዛዛ ግራጫ አደረግኩት። ፈዛዛ ማለት ቀለሙ ደመቅ ያላለ ማለት ነው። በጊዜው እንደዚያ ዓይነት ጽሑፍ ዘመናዊ ይመስለኝ ነበር። በስብሰባው ቀን ገጹን በፕሮጀክተር አሳየኋቸው። ሁሉም አጨበጨቡልኝ።

እድራችን በየሳምንቱ ተረኛ አለው። ተረኛ ማለት በዚያ ሳምንት ኃላፊነቱ የደረሰው ሰው ነው። ሌሊትም ቢሆን ስልክ ያነሳል። የተረኛውን ስልክ ቁጥር «ስለ እኛ» በሚለው ገጽ ውስጥ፣ ከመተዳደሪያ ደንቡ በታች አስቀመጥኩት። እዚያ ያስቀመጥኩት ገጹ እንዳይጨናነቅ ብዬ ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምት፣ በረዶ በጣለበት አንድ ቅዳሜ ሌሊት፣ የአንዲት የእድራችን እናት ባለቤት ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። እኚህን እናት ሁላችንም እማማ እያልን ነው የምንጠራቸው። ልጃቸው የሚኖረው በሌላ ስቴት ነው። እማማ ከሆስፒታል ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በእኩለ ሌሊት የሰው በር ማንኳኳት ከበዳቸው። «ለዚህ ነው ተረኛ ያለው» ብለው ስልካቸውን አወጡና የእኔን ድረ ገጽ ከፈቱ። ላሊበላን አዩ። ሻማዋን አዩ። ስልክ ቁጥሩን ግን አላገኙም። እስኪነጋ ድረስ ብቻቸውን ተቀመጡ።

ይህን የሰማሁት ለቅሶ ቤት ነው። እማማ አልወቀሱኝም። እንዲያውም ራሳቸውን ነው የወቀሱት። «እኔ ፊደል እንጂ የዚህን ስልክ ነገር መች አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። ብርጭቆዬን ይዤ መሬት መሬት አየሁ።

ጥፋቱ የማን ነው?

ቤታችሁ ውስጥም እንዲህ ያለ ነገር ሰምታችሁ ይሆናል። እናት ወይም አያት ስልኩን ሲሰጧችሁ፣ «እኔ አልገባኝም፤ አንተ ሥራልኝ፤ አንቺ ሥሪልኝ» ይላሉ። ብዙ ጊዜ ግን ያጠፉት እነሱ አይደሉም። ያጠፋው ገጹን የሠራው ሰው ነው።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ ከሰማንያ ዓመት ገደማ በፊት የታየ ነገር ነው። ዓመታቱን የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ አየር ኃይል አውሮፕላኖች ማረፊያ ላይ ይሰበሩ ነበር። አብራሪው አውሮፕላኑን በሰላም ካሳረፈ በኋላ፣ የክንፉን መቆጣጠሪያ የነካ መስሎት የጎማውን ይነካል። ጎማው ይታጠፍና አውሮፕላኑ በሆዱ ይወድቃል። ሪፖርቱ ላይ «የአብራሪ ስህተት» ተብሎ ይጻፋል።

ከኮለምበስ በስተ ምዕራብ፣ በዴይተን ከተማ አጠገብ፣ ራይት ፊልድ የሚባል የአየር ኃይል ቦታ ነበር። እዚያ የሚሠራው የሥነ ልቦና ባለሙያ አልፎንስ ቻፓኒስ መቆጣጠሪያዎቹን ራሳቸውን ተመለከተ። የጎማውና የክንፉ መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን ነበሩ፤ መልካቸውም ይመሳሰላል። መፍትሔው ቀላል ሆነ። በጎማው መቆጣጠሪያ ጫፍ ላይ የትንሽ ጎማ ቅርጽ፣ በክንፉ ላይ ደግሞ የክንፍ መሳይ ቅርጽ ተደረገ። አብራሪው ሳያይ በእጁ ብቻ ይለያቸዋል። ዛሬም በአውሮፕላን ውስጥ የጎማው መቆጣጠሪያ የጎማ ቅርጽ አለው።

በ1947 ሁለት ባለሙያዎች፣ ፖል ፊትስና ሪቻርድ ጆንስ፣ «የአብራሪ ስህተት» የተባሉ 460 ገጠመኞችን ሰብስበው መረመሩ። ብዙዎቹ ስህተቶች ከመሣሪያው አሠራር ጋር የተያያዙ ሆነው ተገኙ። መሣሪያው ከሰው ጋር እንዲስማማ ሆኖ ቢሠራ ኖሮ ብዙው አይደርስም ነበር።

እማማ «አላውቅም» ሲሉ እኔ ትዝ ያለኝ ይህ ታሪክ ነው። ስለዚህ ድረ ገጹን አፍርሼ እንደገና ልሠራው ወሰንኩ። በዚያ ሥራ የተማርኩትን በሰባት ደንቦች ልንገራችሁ። እናንተም አንድ ቀን ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ፣ ለተማሪዎች ማኅበር ወይም ለአክስታችሁ ምግብ ቤት ድረ ገጽ ትሠሩ ይሆናል።

አንደኛ፦ ሰው የመጣበትን ጉዳይ አስቀድሙ

ወደ አንድ ድረ ገጽ የሚመጣ ሰው ሁሉ ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው። የምግብ ቤት ገጽ የሚከፍት ሰው «ክፍት ነው? የት ነው? ምን አለ?» ይላል። የእድር ገጽ የሚከፍት ሰው ደግሞ «ለማን ልደውል? ቀብሩ መቼና የት ነው? የወር መዋጮዬን እንዴት ልክፈል?» ይላል።

ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀት አውጡና ሦስት ጥያቄዎችን ጻፉ። የእነዚህ መልስ በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ወደ ታች ሳይወረድ መታየት አለበት። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የእኔ ስህተት የጀመረው እዚህ ላይ ነው። የእድሩን ታሪክና ደንብ አስቀድሜ፣ ሰው ሌሊት የሚፈልገውን ነገር ከሥር ቀበርኩት። እንግዳ ሲመጣ በመጀመሪያ «ግባ፣ ተቀመጥ» ይባላል። የቤቱ ታሪክ የሚወራው ቡናው ሲፈላ ነው።

ሁለተኛ፦ የሚነካው ነገር ትልቅና ቅርብ ይሁን

ቅድም ስሙን ያነሳሁት ፖል ፊትስ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ከተማችን፣ ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መጣ። በ1954 አንድ ጥናት አሳተመ። በሙከራው ሰዎች በብዕር መሳይ ዘንግ ሁለት የብረት ሳህኖችን እያፈራረቁ ይነካሉ። ሳህኖቹ አንዴ ሰፊ አንዴ ጠባብ፣ አንዴ ቅርብ አንዴ ሩቅ ይደረጋሉ። ሳህኑ ሲጠብና ሲርቅ ለመንካት የሚፈጀው ጊዜ ይጨምራል። ሲሰፋና ሲቀርብ ደግሞ ጊዜው ያጥራል። ፊትስ ይህን በሒሳብ ቀመር ጻፈው። ዛሬ «የፊትስ ሕግ» ይባላል።

ያን ጊዜ ስማርት ስልክ አልነበረም። ቢሆንም ዛሬ ስልካችሁ ላይ ያለ ቁልፍ ሁሉ በዚህ ሕግ ይለካል። ቁልፍ ስል ስክሪን ላይ በጣት የምንጫነውን ነገር ማለቴ ነው። ዋናው ቁልፍ ትልቅ መሆን አለበት፤ አውራ ጣት በቀላሉ የሚደርስበት ቦታም መቀመጥ አለበት። ሁለት ትናንሽ ቁልፎች ከተጠጋጉ ደግሞ ሰው አንዱን ልንካ ሲል ሌላውን ይነካል። በአውሮፕላኑ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

በእኔ ገጽ ላይ ወደ ሌሎች ገጾች የሚወስደው በላይኛው ጥግ ያሉ ሦስት ትናንሽ መስመሮች ነበሩ። እናንተ ስታዩዋቸው «ሜኑ ነው» ትላላችሁ። እማማ ግን ጌጥ መስለዋቸው ነበር። አሁን በዚያ ፈንታ አራት ሰፋፊ ቁልፎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ምን እንደሆነ በቃል ተጽፏል።

ሦስተኛ፦ ጽሑፉ ይነበብ

የአማርኛ ፊደል ከላቲን ፊደል ይለያል። አንድ ፊደል ሰባት ቅርጾች አሉት፤ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። «ቡ» እና «ቢ»ን ተመልከቱ። አንዱ ጭረቱ ከጎኑ መሐል ላይ ነው፤ ሌላው ከእግሩ ሥር ነው። ጽሑፉ ካነሰ ሁለቱ አይለዩም። አማርኛን እየተማረ ላለ ሰው ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ከልምድ ገምቶ ማለፍ አይችልምና። ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ትንሽ ከፍ ያለ መጠን ያስፈልገዋል። በመስመሮቹ መካከልም ሰፋ ያለ ክፍተት ያስፈልጋል። ፎንቱም ሁሉንም ፊደላት በትክክል የያዘ ይሁን። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ የሚባሉት በነፃ የሚገኙ ጥሩ ፎንቶች ናቸው።

ቀለምም አለ። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርሽየም የተባለው ድርጅት በ2008 ባወጣው መመሪያ፣ በጽሑፉና በጀርባው ቀለም መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ 1 እንዲሆን ይመክራል። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ 1 ነው። የእኔን ግራጫ ስለካው 3 ለ 1 እንኳን አልሞላም። ይህን የሚለኩ ነፃ መሣሪያዎች በኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል።

የእኛ ሰው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ይወዳል። እኔም እወዳለሁ። ነገር ግን ቢጫ ጽሑፍ በነጭ ላይ አይነበብም። ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችሉ ሰዎችም አሉ። «የከፈለ አረንጓዴ፣ ያልከፈለ ቀይ» ካላችሁ ለእነሱ ምንም አልነገራችኋቸውም። ከቀለሙ አጠገብ «ከፍሏል» ወይም «አልከፈለም» ብላችሁ ጻፉ።

አራተኛ፦ ፊደሉ ፊደል ይሁን፣ ሥዕል አይሁን

ይህን ያስተማረችኝ የጓደኛዬ ልጅ ናት። ዕድሜዋ 15 ነው። እንደ እናንተ እዚህ ተወልዳ አማርኛ እየተማረች ነው። አንድ ቀን፣ «አጎቴ፣ 'ተረኛ' ምን ማለት ነው? መዝገበ ቃላት ላይ ልፈልገው ብዬ ገልብጬ ልወስደው አልቻልኩም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ማስታወቂያውን በሚያምር ፎንት ጽፌ እንደ ፎቶ ነበር የለጠፍኩት። ከፎቶ ላይ ቃል እንደ ልብ ተገልብጦ አይወሰድም። ለዓይነ ስውራን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራምም ማንበብ ይቸግረዋል። ስልኩም ጽሑፉን ከስክሪኑ ጋር አስማምቶ ሊያሳድገው አይችልም።

ድሮ ለዚህ በቂ ምክንያት ነበር። ግዕዝን በኮምፒውተር ለመጻፍ ብዙ ኢትዮጵያውያን ደክመዋል፤ በአሜሪካ ይኖሩ ከነበሩት መካከል ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ይጠቀሳሉ። ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሉን የሚያስቀምጥበት የራሱ መንገድ ነበረው። በአንዱ የተጻፈውን በሌላው ስትከፍቱት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። ስለዚህ ሰው ጽሑፉን ፎቶ አድርጎ ይልከው ነበር።

በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ይህን ችግር ፈታው። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጥ ደረጃ ነው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትኛውም ኮምፒውተር 4608 ነው፤ «አ» ደግሞ 4768 ነው። ኮለምበስ የተጻፈው ጎንደር ላይ ያው ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ ዛሬ ጽሑፍን ፎቶ ለማድረግ ምክንያት የለንም።

ሁለት ትናንሽ ነገሮች ልጨምር። አራት ነጥብ አንድ ምልክት ነው፤ «።» ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ሰው ግን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ይመታል። ኮምፒውተሩ ሁለት ምልክት ስለሚመስለው አንዱ በመስመሩ መጨረሻ፣ ሌላው በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሁለተኛው ነገር ፍለጋ ነው። አማርኛ አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ፊደላት አሉት፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። አንድ ሰው ስሙን «ኃይሉ» ብሎ ያስመዘግባል። ገንዘብ ያዡ «ሀይሉ» ብለው ሲፈልጉት ደግሞ «የለም» ይላቸዋል። እነዚህን ፊደላት እንደ አንድ ቆጥሮ እንዲፈልግ አድርጌ አስተካከልኩት። ፊደላቱን ለማታውቁ ልጆችም ጥሩ ሆነላችሁ፤ በየትኛውም ብትጽፉት ይገኛል።

አምስተኛ፦ ሰው በሚናገረው ቋንቋ ጻፉ

በሁለተኛው ሥራዬ ስልክ ቁጥሩን ወደ ላይ አመጣሁት። ከላዩ «ያግኙን» የሚል ጻፍኩ። ብዙ የአማርኛ ድረ ገጾች ላይ ያለ ቃል ነው። እማማ አዩትና፣ «ያግኙን? ምን ጠፍታችሁ ነው የምትፈለጉት?» አሉኝ። ሁላችንም ሳቅን። ቃሉ ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ ነው፤ ከሰው አፍ የወጣ አይደለም። አሁን «ሐዘን ከደረሰ እዚህ ይደውሉ» ይላል። ርዝማኔው ጨምሯል፤ ግን ማንም አይጠይቅበትም።

ሰዓትም ቋንቋ ነው። አንድ ጊዜ «ስብሰባ እሁድ 8 ሰዓት» ብለን ለጠፍን። ለትልልቆቹ 8 ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው፤ በአማርኛ ቀኑ የሚቆጠረው ከጠዋት ጀምሮ ነውና። እዚህ ያደጉት ወጣቶች ግን ጠዋት መጥተው አዳራሹ ተቆልፎ አገኙት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም እንጽፋለን፦ «ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማለትም በአሜሪካ አቆጣጠር 2 ፒኤም»። ቀንም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የዋለው ሴፕቴምበር 11፣ 2021 ነው። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለ፣ የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ይሻላል። በቁጥር ብቻ ከተጻፈ ሰው ይሳሳታል።

ስምም አለ። የፈረንጅ ፎርም «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል። እኛ ግን የራሳችን ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው ያለን። አባትና ልጅ አንድ «የቤተሰብ ስም» ስለሌላቸው ብዙ እናቶች እዚያ ሲደርሱ ይቆማሉ። እኛ ፎርሙ ላይ «ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም» ብለን ጻፍን። የማያስፈልገውን ጥያቄ ሁሉ ደግሞ አወጣን። ድሮ 14 ጥያቄ ነበረው፤ አሁን 5 ነው።

ስድስተኛ፦ ገጹ ቀላልና ፈጣን ይሁን

ኮለምበስ በኢንተርኔት ታሪክ ውስጥ ስም አላት። ኮምፒዩሰርቭ የተባለው ኩባንያ በ1969 የተቋቋመው እዚህ ነው። በ1980 የከተማችን ጋዜጣ ኮለምበስ ዲስፓች በኮምፒዩሰርቭ በኩል በኮምፒውተር መነበብ ጀመረ፤ ከአሜሪካ ጋዜጦች የመጀመሪያው ነበር። በዚያን ጊዜ በስልክ መስመር የሚያልፈው በሴኮንድ 30 ያህል ፊደል ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ቀላል መሆን ነበረበት። በ1987 ኮምፒዩሰርቭ ጊፍ የሚባለውን የምስል ዓይነት ያወጣውም ምስሎች ትንሽ ሆነው በዚያ ቀጭን መስመር እንዲያልፉ ነው።

አያችሁ ነገሩን? የእኔ ሻማ ጊፍ ነበረች። ምስልን ለማቅለል እዚሁ ከተማ ውስጥ በተፈጠረው ነገር ገጼን አከበድኩት። የላሊበላው ፎቶ ደግሞ ከካሜራ እንደወጣ ነበር፤ 5 ሜጋባይት ይመዝናል። ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት የሆስፒታል ምድር ቤት ወይም አገር ቤት ላለ ዘመድ ይህ ብዙ ነው። ፎቶውን ለስልክ በሚበቃ መጠን አሳንሼ ከገጹ ሥር አደረግኩት። ሻማዋን አጠፋኋት።

ከስልክ ጀምሮ ሥሩ የሚባለውም ለዚህ ነው። በ2010 ኢታን ማርኮት የተባለ ባለሙያ አንድ ገጽ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን የሚያስተካክልበትን አሠራር በጽሑፍ አስተዋወቀ። ዛሬ የተለመደ ሆኗል። እኔ ግን ገጹን የሞከርኩት በቤቴ ትልቅ ስክሪንና በፕሮጀክተር ላይ ብቻ ነበር። እማማ ደግሞ ያላቸው መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ነው።

ሰባተኛ፦ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ተመልከቱ

የመጨረሻው ደንብ ከሁሉም ይበልጣል። አዲሱን ገጽ ለስብሰባ ከማቅረቤ በፊት እማማ ቤት ሄድኩ። ቡና እያፈሉ ነበር። ስልኩን ሰጠኋቸውና፣ «እማማ፣ ሌሊት ነው እንበል። ተረኛውን ይፈልጉታል። እስቲ ይሞክሩልኝ» አልኳቸው። ከዚያ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ከሥራው ሁሉ ይከብዳል። ጣታቸው ወደ ተሳሳተ ቦታ ሲሄድ «እዚያ አይደለም» ልል አፌን ከፍቼ መለስኩት። ሌሊት ላይ እኔ አጠገባቸው አልኖርም።

«ያግኙን» የሚለውን ያረሙልኝ ያን ቀን ነው። ከእሳቸው በኋላ አንድ ታክሲ ነጂ፣ አንዲት ነርስ፣ ሰብሳቢያችንና የጓደኛዬ ልጅ ሞከሩት። በአጠቃላይ አምስት ሰው ነው። የዚህ ሙያ ታዋቂ ሰው ጄኮብ ኒልሰን በ2000 እንደጻፈው፣ አምስት ሰው ሲሞክር ብዙው ችግር ይወጣል። እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው። ነርሷ ሌሊት በጨለማ ስለምትከፍተው ብርሃኑ ዓይኗን ወጋት። ታክሲ ነጂው ቁጥሩን ሲነካው ስልኩ በቀጥታ እንዲደውል ፈለገ። የጓደኛዬ ልጅ ከአማርኛው አጠገብ እንግሊዝኛ እንዲኖር ጠየቀች፤ ወላጆቿ ሥራ ላይ ሆነው አያቷ አንድ ነገር ቢሆኑ የምትደውለው እሷ ናትና። እኔ ብቻዬን ሆኜ ከእነዚህ አንዱንም አላሰብኩም ነበር።

አሁን ገጹ ሲከፈት ከላይ የዕለቱ ተረኛ ስምና ስልክ በትልቁ ይታያል። ሲነኩት ይደውላል። ከሥሩ የቀብርና የለቅሶ ማስታወቂያ አለ። ከዚያ መዋጮ ይከተላል። ያምራል የሚል ሰው የለም። በስብሰባው ላይም ማንም አላጨበጨበም። አንድ አባት ብቻ፣ «ይሄማ ማስታወሻ ደብተር ይመስላል» አሉ።

ባለፈው ጥር ከአባሎቻችን አንዱ ቤት ሐዘን ደረሰ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ በእናንተ አቆጣጠር 3 ኤኤም፣ ተረኛው ስልክ ተደወለለት። ሳይነጋ አራት ሰዎች እዚያ ቤት ደርሰው ነበር። ከአራቱ አንዷ እማማ ናቸው። ቴርሞስ ሙሉ ሻይ ይዘው ነው የሄዱት።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ሳምንት አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። እናታችሁ ወይም አያታችሁ አዘውትረው የሚከፍቱትን አንድ ገጽ ምረጡ። አንድ ነገር እንዲፈልጉበት ለምኗቸውና አጠገባቸው ተቀመጡ። አትርዷቸው፤ ተመልከቱ ብቻ። የት ላይ እንደቆሙ፣ ምን እንዳሉ በአማርኛ ጻፉት። «አልገባኝም» ሲሉ ደግሞ፣ «እማዬ፣ ያልገባሽ አንቺ አይደለሽም፤ በደንብ አልሠሩትም» በሏቸው። እውነት ነውና። ደህና ሰንብቱ።